ክርኑ ያለቀው ሹራብ

ደብዳቤው የመጣ ቀን ቤታችን ውስጥ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባዬና እማዬ ማንበብ አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ በራሳችን ፊደል የተጻፈ ነገር ካገኙ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ያነባሉ። ግን አዲሱ ሀገር ከገባን ገና ሰባት ወራችን ነበር፤ የዚህ ሀገር ጽሑፍ ለነሱ ወለል ላይ የተደፋ ክብሪት ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነው የምውለው፣ ቋንቋው እንደ ጉንፋን ይዞኛል። ስለዚህ የቤቱ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሁሉም እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር አይደል፣ ስተረጉም ትንሽ ትንሽ እቀሽብ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ "ልጅቷ ጣፋጭ ታቁም" ሲል፣ "አባቷ ሻይ ላይ ስኳር ይቀንሱ ነው የሚለው" ብዬ አስተላልፌያለሁ። ምስኪን አባዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን እያጨማደደ ያለ ስኳር ጠጣ።

ደብዳቤውን ግን አልቀሸብኩትም። ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላቸው። አንደኛ ደረጃ ልጨርስ ስለሆነ፣ በአካባቢው ካሉት አራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምንፈልገውን በቅደም ተከተል ጽፈን፣ ወላጅ ፈርሞበት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደን እንድንሰጥ ይላል። አንደኛ ላይ የጻፍነው ብዙውን ጊዜ ይሰጠናል።

"መምረጥ?" አለ አባዬ። "ትምህርት ቤት ነው ወይስ ጫማ?"

እኛ ከመጣንበት ትምህርት ቤት አይመረጥም፤ ቅርብ ያለው ነው የሚገባው፣ አለቀ። አባዬ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ ለእማዬ አቀበላትና ሊተኛ ሄደ። ሥራው ማለዳ ተነስቶ ዳቦ መኪና ላይ መጫን ስለሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ከሰዓት ይተኛል። እማዬ ወረቀቱን ጨርቅ እንደምትፈትሽ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

"እኔ ጋ ይቆይ" አለች። "ልየው።"

"እማዬ፣ አታነቢውም እኮ።"

"ወረቀቱን መች አልኩ። ትምህርት ቤቶቹን ነው።"

ይሄ ነገር ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እማዬ የምትሠራው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ልብስ የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቅ ከተባለ። ኮሪደር ነው በሉት፤ ሁለት ስፌት መኪና፣ አንድ እንደ ባቡር እንፋሎት የሚተፋ ካውያ፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰቀለ ልብስ። የሱቁ ባለቤት የዚሁ ሀገር አሮጊት ናት። አፏ ሁልጊዜ በስፒል የተሞላ ነው፣ እጅጌዋም ላይ ተሰክቷል፤ አባዬ አንድ ቀን አይቷት "ጃርት" ብሎ ስም አወጣላት፣ በቃ ጃርት ሆና ቀረች። ጃርትና እማዬ የሚግባቡት በሠላሳ ቃል ነው። እጅጌ፣ ቁልፍ፣ አሳጥሪ፣ ልቀቂ፣ ለነገ። በዚህችው ወሬ ግን ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውላሉ፣ እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

የአራቱም ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እዚያ ነው የሚመጣው። ተቀዶ፣ ተቃጥሎ፣ ወይ ባለቤቱ ረዝሞበት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የካውያው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ እላለሁ፤ ይሞቃል፣ ደግሞ ከዚያ ሆኜ የደንበኛ ጫማ ብቻ ስለሚታየኝ ሰዎቹን መገመት ደስ ይለኛል። ደብዳቤው በመጣ ማግስት እማዬ አጎንብሳ ጠራችኝ።

"ነይ ውጪ። ትምህርት ቤት ላሳይሽ።"

አረንጓዴ ሸሚዝ አወረደች። "ኮሌታውን አየሽ? በዚህ ሳምንት አምስተኛው ነው። ኮሌታ ዝም ብሎ አይቀደድም፤ የሚይዘው እጅ ይፈልጋል።" መለሰችው። ሰማያዊ ሱሪ። "ጉልበት፣ ጉልበት፣ ጉልበት። ኳስ ነው። ክፉ አይደሉም፣ ግን መቼ ነው የሚማሩት?" ከዚያ ያን ሹራብ አወጣች። የሰናፍጭ ቀለም ነው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አንድ ሰው ቢጫ ጀምሮ መሃል ላይ የተወው ቀለም። የለበሰውን ሁሉ ጉበቱን ያመመው ያስመስላል።

"ክርኑን ንኪው" አለች እማዬ።

ነካሁት። ሳስቶ ጣቴ በዚያ በኩል ይታያል።

"ሁሉም እንደዚህ ነው የሚመጡት። ኮሌታው ደህና፣ ቁልፉ ደህና፣ ጉልበቱ ደህና። ክርን ብቻ። ክርን የሚያልቀው የት ላይ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ጠረጴዛ ላይ። ቁጭ ብለው ያነባሉ ማለት ነው።" ዓይኗ አበራ። እናቴ የሀገር ምስጢር ያገኘች ነበር የምትመስለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቋርጥና ልናዘዝ። ያ ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ግቢው ዙሪያውን አጭር የሸክላ ግንብ አለው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። እረፍት ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እዚያ ግንብ ላይ በክርኑ ተደግፎ ሰው ያማል። የኔንም ሹራብ የበላው ያ ግንብ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ለእማዬ የነገርኳት ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነበር። ረጅም ጊዜ አሰበችና፣ "ቢሆንም፣ ቆመው አይደባደቡም" አለች።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። "ግራጫውስ?" አልኳት። እኔ የምፈልገው ግራጫውን ነው። አንደኛ፣ ብስኩት የምትገባው እዚያ ነው። ብስኩት ፎቃችን ላይ ያለች ልጅ ናት፣ ከኪሷ ብስኩት ጠፍቶ አያውቅም፤ እዚህ ሀገር መጀመሪያ ያናገረችኝም እሷ ነች። ሁለተኛ፣ ኮቱ። ግራጫ ኮት፣ ደረቱ ላይ በብር ክር የተሰፋ ዓርማ፣ ከሥሩ ሽንሽን ጉርድ። ስትዞሪ አብሮሽ የሚዞር ዓይነት።

እማዬ ግራጫውን ኮት በእጇ መዳፍ ዳሰሰችው። "ይሄማ ጨርቅ ነው" አለች። "ንጹሕ ሱፍ። እሱም ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ሽንሽኑን ስተኩስ ነፍሴ ይወጣል እንጂ።"

ሳይሆን አይቀርም ነው ያለችው። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ እኔ ሙጭጭ ብዬ ይዣት ነበር።

እያወራን ሳለ የአንዲት ባለ ግራጫ ተማሪ እናት ጉርድ ይዛ ገባች። ተረከዟ ወለሉን ቋ ቋ ያደርጋል። እማዬን ስታናግራት፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሰው እንደምታናግር ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየጎተተች ነው። እማዬ ፈገግ ብላ "ለነገ" አለቻት። ሴትየዋ ስትወጣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እማዬ ግን ጉርዱን ገልብጣ መፍታት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ እማዬ ከሱቅ ሥራ ይዛ መጣች። ሥራ ይዛ መጥታ አታውቅም። መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ስትተረትር፣ ስትጠርግ፣ እንደገና ስትሰፋ ዋለች። ጠጋ ስል፣ "ሂጂ ከብስኩት ጋር ተጫወቺ" አለችኝ። ብስኩት የለችም ስላት፣ "እንግዲያው ደረጃውን ቁጠሪ።" እማዬ እንደዚያ አትናገረኝም። የሆነ ነገር እየደበቀችኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ደረስኩበት።

ማክሰኞ ነው። እማዬ ሱቅ ናት፣ አባዬ ያንኮራፋል። ካልሲ ፍለጋ ቁም ሣጥኑ ሥር እጄን ስሰድ ከረጢት ነካሁ። ሳወጣው ግራጫ ኮት ነው። ዓርማው፣ የብር ክሩ፣ ሁሉ ነገሩ። ኮምጣጤና እንፋሎት ይሸታል። ጀርባው ደግሞ ከፊቱ ይልቅ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ፀሐይ ያላየው ዓይነት ግራጫ።

 መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥቼ ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ይሄ ራሱ ማስረጃ ሆነልኝ፤ እማዬ ልብስ የምትገዛልኝ ሁልጊዜ አስፍታ ነው። እንግዲህ ወስናለች፣ ልታስደንቀኝ ነው ብዬ መስታወት ውስጥ ላለችው ልጅ በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጠኋት። ከዚያ እንደነበረ አጥፌ መለስኩትና ወደ ብስኩት እግሬ አውጪኝ አልኩ። "አንድ ትምህርት ቤት ልንገባ ነው" አልኳት። ብስኩት አንድ ሙሉ ፓኬት ሰጠችኝ። ለብስኩት ይሄ ማለት ኩላሊት መስጠት ነው።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። እማዬ የነገረችኝ በዚህ ክረምት ነው፣ የመጨረሻ ፈተናዬን ጨርሼ ሹራቡን ለሌላ ልጅ እንስጠው እያልን ስናጥፍ። ኮቱ የኔ አልነበረም። ከኔ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ናት ያመጣችው፤ እንደኛው ከሌላ ሀገር የመጣች፣ ግን ከየት እንደሆነ እማዬ አታውቅም፣ ቋንቋ አልነበራቸውም። ኮቱን እንደ ሌባ ጠቅልላ ነው ይዛ የገባችው። ጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ በፍሉድ፣ በዚያ ነጭ የስሕተት ማጥፊያ ቀለም፣ ተጽፎበታል። እማዬ ጃርትን ምን ይላል አለቻት። ጃርት ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች፣ ጽሑፉን አየች፣ "አትጠይቂኝ" አለቻት። እማዬ እስከ ዛሬ ምን እንደሚል አታውቅም። ልጅቷ በእጇ "እናቴ እንዳታይ" ዓይነት ምልክት አሳየቻት።

ፍሉድ ከሱፍ አይለቅም። በኮምጣጤ ሞከረች፣ በአልኮል ሞከረች። በመጨረሻ ገበሩን ተርትራ፣ የጀርባውን ጨርቅ አውልቃ፣ ገልብጣ ውስጡን ወደ ውጪ አድርጋ ሰፋችው። ጽሑፉ ገበሩ ሥር ገባ። እኔ መስታወት ፊት ስሽከረከር ያ ነገር ጀርባዬ ላይ ነበር፣ በአንድ ስስ ጨርቅ ተለይቶ።

ይሄን ሁሉ ያኔ የት አውቄ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ የብስኩትን መጽሔት እያነበብኩ፣ እማዬ ከሥራ ስትገባ ሰማሁ። አባዬ ነቅቷል። ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ የሚሰማኝ ቁርጥራጩ ነው። ጆሮዬን በሩ ላይ ጣል አደረግኩ።

"... ዓይን ለዓይን ማየት አቃተኝ" ትላለች እማዬ። "አንገቴን ነው የደፋሁት።"

"አንቺ ምን አጥፍተሽ?"

"ምንም። ግን አፈርኩ። በቃ አፈርኩ።"

ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ። አባዬ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ እማዬ ጥርት አድርጋ፦ "ግራጫውን እርሳው። ልጄን እዚያ አልልካትም።"

"ትነግሪያታለሽ?"

"ምን ብዬ? ገና ዓመት ያልሞላት ሀገር ነው እኮ።"

ስወጣ ቁም ሣጥኑ ሥር አየሁ። ከረጢቱ የለም።

አንድና አንድ ደመርኩ። የደመርኩት ግን የሌላ ሰው ቁጥር ነበር። ያቺ ተረከዟ ቋ ቋ የምትለዋ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፣ ጮክ ብላ እየጎተተች ስታወራ። አዎ፣ እማዬ አፍራለች። እዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ ከነዚያ እናቶች ጋር መቆም፣ በሠላሳ ቃል ማውራት አፍራለች። ለዚህ ስትል ኮቴን መለሰችብኝ። ምን ልበላችሁ፣ ንድድ አልኩ። አዘንኩላትም። 

ቅዳሜ ምሳ ላይ ወረቀቱ ወጣ። አባዬ እስክሪብቶ ከዳቦ ቤቱ ይዞ መጥቷል።

"አስተርጓሚ፣ ቦታሽን ያዢ" አለኝ።

"አንደኛ ላይ ሰናፍጩን ጻፊ" አለች እማዬ።

"ለምን?"

"ክርኑን አሳይቼሻለሁ።"

"እማዬ፣ ሰው በክርን ትምህርት ቤት ይመርጣል?"

"ሰው በሽንሽን ከመረጠ በክርንም ይመርጣል" አለ አባዬ፣ አፉን ሞልቶ እያኘከ።

"ግራጫውን ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብለሽ ነበር። ራስሽ ነሽ ያልሽው።"

እማዬ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። "ሐሳብ ቀየርኩ።"

"በምን ምክንያት?"

"በእናትነት።"

ከዚህ በላይ ማውጣት አልተቻለም። ጭንቅላቴን ደፍቼ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ አንደኛው መስመር ላይ ግራጫውን ጻፍኩ። ሁለተኛ ሰናፍጩን። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ "አንደኛ፣ ሰናፍጩ። ሁለተኛ፣ ግራጫው።" አባዬ ሰምቶ ፈረመ። ፊርማውን ሁልጊዜ በአበባ ነገር ነው የሚጨርሰው፣ አበባዋንም ጨመረ።

እማዬ እጇን ጠርጋ መጣችና ወረቀቱን አነሳችው። አልፈራሁም፤ ክብሪት ነው የሚታያት። እሷ ግን ጣቷን አንደኛው መስመር መጀመሪያ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷ መሄድ ጀመረ። ወደ ላይ፣ ተጠማዞ ወደ ታች፣ ዞሮ። መርፌ እንደያዘ።

"ይሄን ፊደል በቀን አምስት ጊዜ ግራጫው ዓርማ ላይ እሰፋዋለሁ" አለች። "የብር ክር ነው። እዚህ ጋ ሲዞር ሁልጊዜ ይበጠስብኛል።" ቀና አለች። "እዚህ ምን ይሠራል?"

 አባዬ ማኘክ አቆመ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እስክትቆጣ ጠበቅኩ፣ አልተቆጣችም። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጋ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀመጠች። ይሄኔ ነው የፈነዳሁት።

"ስለምታፍሪ ነው! ሰምቻችኋለሁ። እነዚያን እናቶች ስለምታፍሪያቸው ነው የማልገባው።"

አባዬ "አንቺ፣ ስሚ ..." ብሎ ሊጀምር ሲል፣ እማዬ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች። አየችኝ።  የሆነ ነገር ስታነሳና ስታስቀምጥ ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

"አዎ" አለች። "አፍራለሁ። ለኔ ብለሽ ቀይሪው።"

ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እንዳምን ተወችኝ። በዚህ ክረምት "ለምን ዋሸሽኝ?" ስላት፣ "አንቺ እኔን ብትታዘቢኝ ይሻለኛል፤ ጠዋት ጠዋት ስትወጪ ሰውን እየፈራሽ ከምትሄጂ" አለችኝ። ደግሞ ጨመረች፦ ያቺ ባለ ኮቷ ልጅ በዓመቱ ተመልሳ መጥታለች። እጅጌ ልቀቂልኝ ብላ፣ ረዝማ፣ እየሳቀች። ጓደኛ ይዛ። ብስኩትም ብትሆን ግራጫውን ተምራ ጨርሳለች፣ ጥሩ ነበር ትላለች። ለሷ ጥሩ ነበር። ዛሬም የሚበላው ብስኩት ከኪሷ አይጠፋም።

ያን ቀን እያለቀስኩ ሰረዝኩ፣ እያለቀስኩ ከላዩ ጻፍኩ። እማዬ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን አስከተለችና፣ ግራጫው የትም እንዳይገባ አራተኛውን መስመር ባዶ ተዪው አለች፣ ተውኩት። እንባዬ አንድ ቦታ አንጠባጥቦ ቀለሙን አጨማለቀው።

ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፣ እኔና እማዬ። እማዬ ደህናውን ካፖርቷን ለብሳለች። ረጅም ወረፋ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከዚያ ከፍ ያለ ባንኮኒ። ከባንኮኒው ወዲያ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ተቀምጣለች። ወረቀታችንን አየች፣ ስርዙን አየች፣ እኔን አየች።

"ይሄ አይሆንም" አለችኝ። "ተሰርዟል። አዲስ ወረቀት ላይ እኔው እጽፈዋለሁ። እናትሽን ጠይቂያትና ንገሪኝ፣ አንደኛ የቱን ነው የምትፈልገው?"

አዲስ ወረቀት ከሥር አወጣች። ባንኮኒው ከፍ ያለ ነው፣ የምትጽፈው ለእማዬ አይታያትም። ጣቷን የምታሳርፍበት መስመር የለም።

የገባኝ ቀስ ብሎ ነው።  አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ግራጫ ብል ግራጫ ነው። እማዬ የምታውቀው ደብዳቤው ሲመጣ ነው፤ ደብዳቤውን የማነበው ደግሞ እኔ ነኝ።

"ምን አለች?" አለችኝ እማዬ።

"አንደኛ የቱን ነው የምትፈልጉት እያለች ነው። በአዲስ ልትጽፈው ነው።"

"እንግዲህ" አለች እማዬ። "ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።" እንደዚያ ብላ ወደ ሴትየዋ ዞራ ፈገግ አለች።

ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ምንም ሳይገባት የምትስቃት ናት፤ ለሐኪሙም፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ለቋ ቋ ሴትዮም የሰጠቻት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ስድስት ዓመት በዚያች ፈገግታ ግራጫው በር ላይ ስትቆም ታየኝ።  ኮቱ ይቅር፣ ሽንሽኑ ይቅር አልኩ በሆዴ። እናቴን አላሳፍራትም። እኔ እሷን እየጠበቅኳት መስሎኝ ነበር፤ ራሴን ትልቅ ሰው አደረግኩት፣ ትከሻዬ ሁሉ ከበደኝ።

"አንደኛ ሰናፍጩ" አልኩ። ማለቴ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ነው ያልኩት። "ሁለተኛ ሰማያዊው። ሦስተኛ አረንጓዴው።"

"ግራጫውስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚጽፈው። እናንተም ጽፋችሁት ነበር።"

"እናቴ ክርኑን አይታ ነው" አልኳት።

ሴትየዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየችኝ። የእማዬን ፈገግታ አየች። ከዚያ ጻፈች፣ ማኅተሟን መታች፣ ለእማዬ ቅጂውን ሰጠቻት።

ደረጃውን ወርደን መንገድ ላይ ደረስን።

"ምን አልሻት?"

"ያልሽኝን።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

"አልቀሸብሽም?"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "ስቀሽብ ታውቂያለሽ?"

"አባትሽ ያን ሻይ የጠጣው የጥርስ ሐኪም ስላዘዘው ይመስልሻል?" አለች። "በሰባት ወር ውስጥ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።" ወረቀቱን ገልጣ ጣቷን አንደኛው መስመር ላይ አሳረፈች፣ ፊደሉን እየተከተለች ሄደች፣ እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "በይ ነይ፣ በሩ የት እንደሆነ እንየው።"

በእግር ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። እማዬ ሰዓቷን እያየች ነው የሄደችው፣ በኔ እርምጃ። የደረስነው ልጆቹ በሚወጡበት ሰዓት ነው፤ በሩ ተከፈተና ሰናፍጭ ፈሰሰ። ይሄን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሳየው ቀለሙ ለካ ያን ያህልም አያስጠላም። ቢያንስ ማንም ከማንም በላይ አላማረበትም። አንዲት ልጅ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ፣ "ልትገቢ ነው?" አለችኝ። "ምናልባት" አልኳት። "ከገባሽ ከሾርባው ተጠንቀቂ" ብላኝ ሮጠች።

እማዬ "ምን አለች?" ብላ አልጠየቀችኝም። ልጆቹን ሳይሆን ትከሻቸውን ነበር የምታየው። ከዚያ ድንገት ዞራ አጥሩ ላይ አስጠጋችኝ፣ ክንዴን ወደ ጎን ዘረጋችው፣ ከአንገቴ ሥር ጀምራ በስንዝር መለካት ጀመረች። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ እየቆጠረች፣ ጮክ ብላ፣ በራሳችን ቋንቋ። ልጆቹ እያዩን ያልፋሉ። እናቶችም አሉ፣ ቆመው የሚጠብቁ። አንዷ ፈገግ አለች፣ እማዬም ፈገግ አለችላትና "እጅጌ" አለቻት፣ ከሠላሳዋ ቃል አንዷን መዛ። ሴትየዋ ሳቀች።

"እማዬ" አልኳት በሹክሹክታ። "ሰው እያየን እኮ ነው። አታፍሪም?"

እማዬ እጇን ክርኔ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ። የምሬን እንደጠየቅኳት ለማወቅ የፈለገች ትመስላለች።

"እኔ?" አለች። ሦስተኛውን ስንዝር አሳረፈች። "ትከሻሽን ቀጥ አድርጊ። የምለካው የዛሬዋን አንቺን አይደለም፣ የከርሞዋን ነው።"